«አንተ» ያልናት ልጅ

ክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያ መጀመር ይሻለኛል። ይህን ነገር ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ ከጥፊው ነበር የምነሳው፤ ከጥፊው ከተነሳሁ ደግሞ እኔ የለሁበትም።

የካ ተራራው ሥር፣ ከጀርባው ባሕር ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። አገሬ ጎጃም ነው። ሥራዬ ነጠላ መቋጨት ነው፤ ሸማኔዎች ሸማውን ያመጡልኛል፣ እኔ ጫፉ ላይ የተረፈውን ክር በጣቴ እየጠመዘዝኩ እቋጫለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ክር ሲጠመዝዝ የኖረ እጅ ጉልበት አለው። የግቢው ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ወንዱ ወሰን በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፣ ታናሽ እህቱ መገናኛ የስልክ ዕቃ ትሸጣለች። እናታቸው ሕመሙ ሲጠናባት እጄን ይዛ «ልጅቷን አደራ» አለችኝ፤ በሳምንቱ ሞተች። አደራው ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሁለታችንም የምናውቀው መስሎን ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የልጅቷ አንገት ባዶ ሆነ። በክርስትናዋ ዕለት የታሰረላት ማተብ የለም። ወንድሟ ውኃ ልታስገባ ደጅ ስትወጣ አየው።

«ማተብሽ የት ሄደ?»

«ፈታሁት።»

«ማን አስፈታሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ የፈታሁት፣ በዚህ እጄ።»

«ጴንጤ ሆነሻላ።»

«ስሙን እንደፈለግክ ጥራው። እሑድ እሑድ ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ነው የምሄደው፤ ተደብቄ አይደለም።»

እውነቷን ነው፣ አልተደበቀችም። እኔም በበሬ ቀዳዳ እየሰማሁ ነበር። አደራው ከእጄ ሊያመልጥ ነው አልኩ። ወዲያው ወንድሟ በሬን አንኳኳ። ትሑት ልጅ ነው፤ ከሥራ ሲገባ ሱሪው በግራሶ ስለሚቆሽሽ መቀመጫዬ ላይ እንኳ አይቀመጥም።

«እትዬ፣ የማይበጠስ ክር ይኖርዎታል?»

«ለምን ፈለግከው?»

«ለማተብ።»

ጥቁሩን መረጥኩለት። ሦስቱን አንድ ላይ ጠመዘዝኩ፣ በጥርሴ ይዤ ስቤ ሞከርኩት፣ ሰጠሁት። ከዚያ በሬን ዘጋሁ። በግድግዳው በኩል ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ እሷን። ጉልበቱን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ነበር ያሰረላት፤ ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። ልትበጥሰው ስትስብ ክሩ እምቢ አለ፣ ቆዳዋ እሺ አለ። ጥፊው የመጣው ከዚያ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ የማይቆጠር። እኔ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

ጠዋት ከንፈሯ አብጦ፣ አንገቷ ዙሪያውን ቀልቶ መጣች።

«እትዬ፣ መቀስ ያውሱኝ።»

«ጠፋብኝ» አልኳት። መቀሱ ጭኔ ላይ ነበር፣ ነጠላ ጣል አድርጌበት።

አየችው አላየችው አላውቅም። በወንድሟ ምላጭ ቆረጠችው፤ ጆሮዋ ሥር የቀረው ጠባሳ የምላጩ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድምየው ሌላ ሰው ሆነ። አይጮህም፣ አይማታም፤ ይፈራት ጀመር። «ይሄ እሷ አይደለችም እትዬ» አለኝ። «እሷን አሳድጌያታለሁ፣ አውቃታለሁ። ያደረባት ነገር አለ።» እኔም አመንኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ማመኑ ቀለለኝ። እሷ ከሆነች መነጋገር ይጠበቅብኛል፣ ልሸነፍም እችላለሁ። ሌላ ነገር ካደረባት ግን የሚያነጋግራት አያስፈልግም፤ የሚያስወጣላት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ጫካው ውስጥ፣ አንድ ሰው በቆርቆሮ ያሳጠረው ግቢ አለ ተባለ። አጥማቂ ነኝ ይላል። ቄስ አይደለም፣ ዲያቆንም አይደለም፤ የትኛውም ደብር አያውቀውም። «የንስሐ አባቴን ልጠይቅና» አልኩ። «ምን ያደክምዎታል እትዬ» አለኝ ወንድምየው። ተውኩት። ብጠይቅ ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው የተውኩት።

ልጅቷን ከቤት ማውጣት የኔ ድርሻ ሆነ። እሱ ቢጠራት አትሄድም፣ እኔን ታምነኛለች። ቅዳሜ ጠዋት በሯ ላይ ቆሜ ጉልበቴን ያዝ አደረግኩ።

«እንጦጦ ማርያም ልሳለም ነበር። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ብትደግፊኝ።»

ሳቀች። «ደጃፉ ድረስ አደርስዎታለሁ። አልሳለምም እንጂ ድንጋይ አልወረውርም።»

ወንድሟ ከጋራዥ የተዋሳትን መኪና ይዞ ታች ይጠብቀን ነበር። ስታየው ቆም አለች፤ ክንዷን ጫን ብዬ ተደገፍኳት። ገባች። ዳገቱን ስንጨርስ መኪናዋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በመቀጠል ፈንታ ወደ ጫካው ኮረኮንች ታጠፈች።

«ማርያም በዚያ አይደለችም» አለች።

ወንድሟ መንዳቱን ቀጠለ። በሩን ልትከፍት ሞከረች፤ የኋላ በሮች ከውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገው ነበር። መካኒክ ነው።

ግቢው ውስጥ ሃምሳ የሚሆን ሰው አለ፤ ነጠላ የለበሰ፣ የጾመ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው። ሰማያዊ በርሜሎች፣ የውኃ ጎማ፣ ድምፅ ማጉያ። ልጅቷን ከመኪናው ሦስት ወንዶች በእጅና በጸጉር አወጧት። ጭቃው ላይ ጣሏት። ሁለቱ እጇን ያዙ። ወንድሟ ወደ እኔ ዞሮ «እግሯን እትዬ ይያዙልኝ፤ እጃቸው ብረት ነው» አለ።

ተንበረከክሁ፣ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ስትራገጥ ጠበቅ አደረግኩ። ቀና ብላ አየችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ያለችኝ ልጅ «አንቺም?» አለችኝ።

አልለቀቅኳትም።

አጥማቂ ነኝ ያለው ሰው በአንድ እጁ መቋሚያ፣ በሌላው ማይክሮፎን ይዞ፣ ከአንገቱ መስቀል አንጠልጥሎ መጣ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚጠየቀው ሰውየው አይደለም፤ አደረበት የተባለው ነው። ስለዚህ ሴት ብትሆንም «አንተ» ትባላለች።

«ስምህ ማነው?»

ስሟን ተናገረች።

«የሷን አልጠየቅኩህም። ያንተን።»

«የኔ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። «ተንኮለኛ ነው» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «እኛ ሰፈር ሰው ላይ ያደረውም እንዲሁ ሲያሾፍ ነበር።»

«መስቀሉን ሳም።»

«አልስምም።»

«ለምን?»

«አልፈልግም።»

«አያችሁልኝ» አለ በማይክሮፎኑ። «ሲያየው ይቃጠላል።»

መስቀሉን አፏ ላይ ጫነው፤ ገና ያልዳነው ከንፈሯ እንደገና ተተረተረ። ጎማው ፊቷ ላይ ተከፈተ። ውኃው በአፍንጫዋ ገብቶ በአፏ ሲወጣ፣ እግሮቿ በእጄ ውስጥ እንደ ዓሣ ይዘልሉ ነበር። መቋሚያው ትከሻዋ ላይ አረፈ፣ ጎኗ ላይ አረፈ። «ትወጣለህ?» «አልፈልግም።» «ትወጣለህ?» «አልፈልግም፣ ልቀቁኝ።» ሕዝቡ እልል ይላል። በእኔ ጆሮ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተሰነቀረ። «አንተ» ሲባል ወንድ ነው፣ «አንቺ» ሲባል ሴት ናት፤ «አልፈልግም» ሲባል ግን ወንድም ሴትም አይታወቅም። ቃሉ የማን እንደሆነ የሚወስነው ሰሚው ነው። እኛ ሃምሳ ሰዎች የሷ አይደለም ብለን ወስነናል። እሺ ብትል ኖሮ የሷ ይሆን ነበር።

ይህን አሰብኩ፣ እጄ ግን አልላላም። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

«ማን ላከህ?» አለ ሰውየው።

ትንፋሿ ተቆራርጧል። ደም ከውኃ ጋር ከአገጯ ላይ ይወርዳል። እንደገና ቀና ብላ አየችኝ፣ በደንብ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ከጉሮሮዋ ወፍራም ድምፅ አወጣች።

«ላኪዬ እዚህ አለች።»

ሰውየው ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ዝቅ አደረገ።

«የትኛዋ?»

«እግሬን የያዘችው። ከሩቅ የመጣችው። የደብተራ ልጅ ናት። በክር ነው ያሰረችን።»

አባቴ ድጓ አስተማሪ ነበር፤ ልጆች ሳሉ ስለ እሱ ብዙ አውርቼላቸዋለሁ። ወንድምየው ክሩን አስታወሰ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «አምላኬ፣ ክሩን ከእጇ የተቀበልኩት እኔው ነኝ» አለ። አንዲት ሴት ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፈች። ወገኔን የሚያውቅ፣ እናቷን አውቃታለሁ የሚል አንድ ሰው እዚያ አልነበረም። የመጀመሪያው ምት ጀርባዬ ላይ ነበር፣ ሁለተኛው የቀኝ አንጓዬ ላይ፤ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰማ። «ተናገሪ» አላሉኝም። «ተናገር» ነው ያሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ሰው ነኝ» አልኩ።

«ተንኮለኛ ነው» አለች ያችው ሴት።

ሁሉም ወደ እኔ ሲመጣ ልጅቷን የያዛት ጠፋ። ተነስታ ሮጠች፣ በቆርቆሮው ክፍተት ወጣች። ወንድሟ ተከተላት። የእኔ ደብዳቢዎችም ግማሾቹ ወደ በሩ ሄዱ፤ እኔ በእንብርክኬ፣ የተሰበረ እጄን ታቅፌ፣ በዚያው ክፍተት ሾለክሁ።

ከቁልቁለቱ አፋፍ ሆኜ አየኋቸው። ባዶ እግሯን በባሕር ዛፎቹ መሐል ትወርዳለች፤ ስሟን እየጠራ ይከተላታል። አንሸራተታትና ወደቀች። ደረሰባት። ድንጋይ አነሳ፣ ቅንድቧ ላይ መታት፤ ያን ድንጋይ ያነሳ እጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ትምህርት ቤት ያደረሳት እጅ ነው። እንደገና ተነሳች። አስፋልቱ ዳር ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አራት ሴቶች ነበሩ፤ መሐላቸው ገብታ ወደቀች። አንዷ አሮጊት ሸክሟ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ዞራ በእሱና በልጅቷ መሐል ቆመች። የመንገዱን ግማሽ የሚዘጋ ሸክም ነው።

«ምንህ ናት?»

«እህቴ ናት። ታማብኝ ነው፣ እናቴ። ይልቀቋት።»

«እና በሽታዋን ነው በድንጋይ የምትለው?»

«እሷ አይደለችም የምትናገረው፤ ያደረባት ነው።»

አሮጊቷ ሳትዞር «አንቺ ልጅ፣ ከሱ ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«አልፈልግም።»

«አልፈልግም አለች» አለችው። ድንጋዩን አልጣለም። አንድ እርምጃ ጠጋ ሲል ሌሎቹ ሦስቱ ሸክማቸውን ጥለው በመደገፊያ ዱላቸው ያዙት። ትከሻውን፣ እጁን፣ ጉልበቱን መቱት፤ ተቀምጦ በሁለት እጁ ራሱን እስኪሸፍን። ያንን ሳይ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱም ኃጢአት ነው፤ ተናዝዤዋለሁ።

ሴቶቹ ሁለታችንንም ጤና ጣቢያ አደረሱን፤ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሷ ቅንድቧ ተሰፍቶ፣ እኔ እጄ በጀሶ ታሽጎ። በመጨረሻ ውስጤ ያለውን ጠየቅኳት።

«ያ ስለ እኔ የተናገረው… አንቺ አልነበርሽም አይደል?»

«እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

«ሐሰት መሆኑን እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ። እንዲለቁኝ ፈለግኩ። አንቺን እንዲይዙሽ ደግሞ ፈለግኩ።» የታሸገውን እጄን አየች። «እጅሽ በመሰበሩ አዝናለሁ። በተናገርኩት ግን እስካሁን አላዘንኩም። ሲመጣ እነግርሻለሁ።»

ወደ «እርስዎ» አልተመለሰችም። እኔም አልጠበቅኩም።

ወንድምየው ፖሊስ ጣቢያ አድሮ በዋስ ወጣ። አጥማቂ ነኝ ባዩ በዚያው ቀን ድምፅ ማጉያውን ጭኖ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ የሰፈሩ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ እኔ መጡ። ልጅቷ ወንድሟን ከስሳ ነበር፤ የኔ የምስክርነት ቃል ይቀራል። ትልቁ ሽማግሌ ለስለስ ያለ ሰው ነው።

«ልጄ፣ ነገሩን አናካብደው» አለኝ። «ልጅቷ ታማ ነበር፤ የምትናገረውን አታውቅም። ልጁንም ሰይጣን አሳስቶት ነው። አንቺም ሳታውቂ ነው የገባሽበት። ታማ ነበር ብለሽ ቃልሽን ብትሰጪ ክሱ ይቀራል፣ እስክትድን ወንድሟ ቤት ትቀመጣለች። ቤተሰብ አይፈርስም።»

ሲናገሩ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ከሄዱ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እንደ እነሱ አነጋገር ያን ቀን ጫካው ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። እሷም አልነበረችም፣ እሱም አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም። እና ያቺ የሌለች ልጅ እንደገና ለዚያው ወንድሟ ልትሰጥ ነው።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። መቼም ስጀምር የለመደብኝን ጀመርኩ፤ «አባቴ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ…» አልኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ የሰይጣንን ኃጢአት እኔ አላናዝዝም። እሱ ከመጣ ራሱ ይናገራል። አንቺ ያደረግሽውን አምጪ።»

ተናገርኩ፤ ክሩን፣ መቀሱን፣ ጉልበቴን ያመመኝ መስዬ የዋሸሁትን፣ እግሯን። ስለ ማተቧም ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አዘኑ። «መመለሷን ጸልዪ» አሉኝ። «አስሮ መመለስ ግን ለማናችንም አልተሰጠንም። እግዚአብሔር ራሱ እንኳ ያንን አላደረገብንም።» የስግደት ቀኖና ሰጡኝና፣ ልነሳ ስል «ፖሊሱ ጋስ ምን ልትይ ነው?» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያው ሄድኩ። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ነበረች፤ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር መኖር ጀምራለች፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛለች። ወንድሟ በሌላው ጥግ፣ ክንዱ በፋሻ ተጠምጥሞ። ቀና ብዬ ዓይናቸውን አላየሁም። ሳጅኑ ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ጽሑፉ ቆንጆ። እየጠየቀኝ ጻፈ፣ ከዚያ አነበበልኝ።

«…ተበዳይ እጅና እግሯ ተይዞ፣ በወቅቱ መንፈስ እንዳደረባት ይታመን ስለነበር፣ ድብደባ ተፈጽሞባታል።»

«ማን ነው የያዛት ይላል?» አልኩት።

«ተይዞ ነው የሚለው፣ እናቴ። እንደዚህ ነው የምንጽፈው።»

«እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ይጻፉልኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ይሄን ከጻፍኩ እርስዎ ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ነው የሚሄዱት። ሽማግሌዎቹ አልነገሩዎትም?»

«ነግረውኛል። መንፈስ አደረባት የሚለውንም ያውጡት።»

ወንድምየው ከጥጉ ተነሳ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ሰምተዋል። በወፍራም ድምፅ ስትናገር ሰምተዋል። እርስዎን ራሱ ያለ ስምዎ መተተኛ አላለም እንዴ? ያ እሷ ናት?»

እዚህ ላይ ነበር ጭንቁ። አይደለችም ብል ስሜ ይጸዳል፤ መተተኛ ያለኝ ሰይጣን ነው፣ የሰይጣን ቃል ደግሞ ሐሰት ነው። ነገር ግን ያ ቃል የሷ ካልሆነ «አልፈልግም» ያለችውም የሷ አይሆንም፣ ክሱም የሷ አይሆንም፤ በሽተኛ ናት፣ ውሰዳት ማለት ነው። አንዱን ወስጄ ሌላውን መተው አልችልም።

«እሷ ናት» አልኩ። «ሁሉንም የተናገረችው እሷ ናት። አልፈልግም ያለችውም እሷ ናት፣ በሐሰት የከሰሰችኝም እሷ ናት። አእምሮዋ ሙሉ ነበር። የኔም ሙሉ ነበር።» ወደ እሱ ዞርኩ። «ያንተም፣ ልጄ።»

ተቀመጠ። ያልተጠመጠመውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየው ጀመር።

ሳጅኑ ልጅቷን «እንዲህ ነው?» አላት።

«አዎ» አለች። «ስለሷ የተናገርኩት ውሸት ነው። የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ጻፈው።»

እኔ ዛሬም ማተቧን መፍታቷን አልወደድኩትም። በየጸሎቴ ስሟን አነሳለሁ፤ የክርስትና ስሟን፣ ቄሱ ያወጡላትን። ይህን ብትሰማ ትስቅብኛለች። ያን ቀን ግን ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፣ አመሰግናለሁም ይቅርታም ሳትል፣ እና ወደ መገናኛ በምትሄደው ታክሲ ገባች። ማንም እጇን አልያዘም።

ሳጅኑ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደና አዲስ አወጣ። ቀስ ብሎ ነው የጻፈው፣ እያንዳንዱን ቃል እየጠየቀኝ። ክሩን አስጻፍኩ። መቀሱን ስነግረው «ይሄ እንኳን ወንጀል አይደለም» አለኝ፤ «ግድ የለም፣ ይግባ» አልኩት። ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ቀኝ እጄ በጀሶ ውስጥ ነበር። በግራዬ፣ ፊደል እንደሚማር ሕፃን እየሳልኩ፣ ስሜን እስከነ አባቴ ጻፍኩ። ሳጅኑ ዳር ላይ የነበረውን የተጠርጣሪዎች ክፍል በር እያሳየኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ እንግዲህ በዚህ ይግቡ» አለኝ።